ብረትም ይደክማል

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቤታችን ጭምት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለምትተኚበት አልጋ፣ ለምትወጪ ለምትወርጂበት ደረጃ፣ አብሮሽ ለሚውል ሰው ሁሉ ሰላም ይሁን። እንዴት ከርመሻል? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ስትስቂ ይቀሰቀስብሻል? ክፍልሽስ ሞቀ? በመስኮቱ የሚገባውን ንፋስ በጨርቅ ወትፌዋለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ያዘልሽ? ጠዋት ምን ቀምሰሽ እንደምትወጪ ጠይቅልኝ ብላኛለች አክስትሽ። "በልቻለሁ" ማለትሽ ብቻ እንደማይበቃት ታውቂያለሽ። ምን እንደበላሽ በስሙ ካልተነገራት ጦምሽን እንዳደርሽ ነው የምትቆጥረው።

እኛ፣ ለማይደክመውና ለማይታክተው አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። እኔ ማታ ማታ እግሬ ቢያብጥም ካውያው ገና አልከበደኝም። ላውንደሪው አዲስ የእንፋሎት ካውያ ገዝቷል፤ የሸሚዝ አንገት ሲነካ እንደተቆጣች ድመት እፍ ይላል። ወንድምሽ ዳቦ ቤት የንጋት ተራ ገብቷል፤ እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ ደረጃው ላይ እንተላለፋለን፤ ሁለታችንም እንቅልፋችንን ያልጨረስን ስለሆንን ሰላምታችን በአገጭ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ከታች ቤት ያለችው ነርስ ናት። ነገ ሐሙስ ትነሳለች፤ ቅዳሜ እጅሽ ይገባል ብላኛለች። በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትይኝ። በስልክ አንቺ "እሺ አባዬ" ትያለሽ፣ እኔ "በርቺ ልጄ" እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ያላልነውን እንደታቀፍን እንዘጋዋለን። በወረቀት ግን ልታቋርጪኝ አትችይም።

እሁድ ጠዋት የነገርሽኝን መልሼ ልጻፈው፤ በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ እይው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ከሌላ አገር የመጣችሁትን የዶክትሬት ተማሪዎች በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ያቆማችኋል። የሚሰማችሁ ፕሮፌሰር አይደለም፤ ጋጋሪው፣ ጡረተኛው፣ ልጇን ይዛ የመጣችው እናት ናቸው። እያንዳንዳችሁ የምትመራመሩትን ነገር ለተራው ሰው በሚገባው አነጋገር ታስረዳላችሁ። አንቺ ለልምምድ ስትቆሚ ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አዛጋች። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው "ምን አለች?" አሉ። አዘጋጁ ደግሞ ወደ ጥግ ወሰደሽና፣ ብረቱን ቀነስ አድርጊው፣ ይልቅ ስለራስሽ ንገሪን፤ እንዴት እንዳደግሽ፣ እናትሽን እንዴት እንዳጣሽ፤ ሰው የሚወደው እሱን ነው አለሽ። አንቺም "አባዬ፣ ብረት ላስረዳ ሄጄ ችግሬን እንዳወራላቸው ነው የሚፈልጉት። ቋንቋውም አፌ ላይ ይሰበራል። የነገ ሳምንት ሰኞ ስሜን አስወጥቼ ቦታዬን ለሌላ ተማሪ እለቃለሁ" አልሽኝ።

እኔ ምን መለስኩልሽ? "እግዜር ያለው ይሆናል" አልኩሽ። እውነት ነው፣ መልስ ግን አልነበረም። ሰው የሚለው ሲጠፋው የፈጣሪን ስም እንደ መጋረጃ ይስበዋል። 

አሁን መልስ አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ግን በራሴ ብልሃት ሳይሆን በራሴ ስህተት ነው። ስትሰሚው ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

ከወር በፊት ያንን ንግግርሽን በኛው ቋንቋ ቀድተሽ በስልክ ልከሽልኝ "አንተ ከገባህ ሁሉም ሰው ይገባዋል" ብለሽኝ አልነበር? እኔም ሥራ ላይ ሆኜ፣ አንዱን ጆሮዬን ለአንቺ፣ አንዱን ለካውያው ሰጥቼ ሰማሁት። "ድካም" የሚለውን ያዝኩ። "ሳይታወቅ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ይጠራቀማል" የሚለውንም ያዝኩ። እግሩ ላበጠ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል! ልጄ ድካምን እያጠናች ነው አልኩ። ገብቶኛል ያልኩሽ ሳልዋሽ ነው፤ ገብቶኝ ነበር። የገባኝ ሌላ ነገር መሆኑን ነው ያላወቅሁት። ካውያው እፍ ሲል "የብረት" የምትለዋን ቃል ውጧታል።

ይህን ለላውንደሪው ባለቤት ነገርኩት። እሱ ለአትክልት ሻጯ ነገራት፤ እሷ ከሰማች ደግሞ ሬዲዮ አያስፈልግም። ለኛ ሰፈር ዶክተር ማለት ነጭ ካፖርት ለብሶ "ምላስህን አውጣ" የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ "የድካም ሐኪም ልትሆን ነው" ተባለ። አትክልት ሻጯ ደረጃውን ወጥታ "አባባ፣ እኔ የሚብስብኝ ጧት ስነሳ ነው፤ ይህን ሳትረሳ ንገርልኝ" ትላለች። ጥግ ላይ ያለው በያጅ በሩቁ እየተጣራ "አባባ! የኔን ሚስት ሥራ ሲጠራት ብቻ ነው የሚደክማት፤ ለእሱም ኪኒን አላት?" ይላል። ሚስቱ ከውስጥ ሆና "መጀመሪያ ያንተን ስንፍና ታክምልኝ!" ትመልስለታለች። እኔም፣ ምን እደብቅሻለሁ፣ ደረቴ ሰፍቶ ነበር። እሁድ ከሰዓት ኑና ድምጿን ላሰማችሁ አልኳቸው።

አንቺ ጠዋት ያን ያህል አዝነሽ ስትዘጊ ይህ ቀጠሮ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ትዝ ያለኝ በሩ ሲንኳኳ ነው። አትክልት ሻጯ፣ በያጁና ሚስቱ፣ ከላይ ቤት ያሉት ጡረተኛዋ መምህርት ተከታትለው ገቡ። ዛሬስ ሂዱልኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አክስትሽ ግን ወንበር ሰጥታ ጨርሳለች። ስልኩን ባዶ ድስት ውስጥ አቆመችው፤ ድምፅሽ ክፍሉን ሞላው።

"የብረት ድካም" አልሽ።

 ከዚያ በያጁ ጭኑን መታ። "ብረት ነው እንዴ የሚደክመው? ለካስ እስከዛሬ ግቢዬ ውስጥ ተጋድሞ የማየው ብረት ሁሉ እያረፈ ነው!" አትክልት ሻጯ "ጉልበቴን ነግሬያቸው ለብረት ሰጡብኝ!" አለች። አክስትሽ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን የምን ሐኪም አድርገህ ነው ያስወራህባት?" ብላ ዞረችብኝ። ልጄ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። መምህርቷ ግን በማስተማሪያ ድምፃቸው "ጸጥ! ከመጀመሪያው ይደገም" አሉ።

ተደገመ። በሁለተኛውም አልገባንም። ጥሩ ጥሩ ቃል አለሽ፤ ግን እንደ ዕቃ ቤት ተደራርቧል። "ዑደት" እያልሽ ደጋግመሽ ስትጠሪ አትክልት ሻጯ "ይቺ ዑደት የምትባለው ማን ናት? ጓደኛዋ ናት?" ብላ ጠየቀች። መምህርቷ "መመላለስ ማለት ነው" ብለው አስረዷት። "ታዲያ መመላለስ ብትል ማን ይቆጣታል?" አለች። ሳቅን፤ ግን እውነቷን ነው።

በያጁ ደግሞ ለማሾፍ ብሎ ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አወጣ። እያጠፈ እያቃና "ይኸው ደከመው፣ ይኸው አረፈ፣ ይኸው ደግሞ ደከመው" ሲል ሽቦው እጁ ላይ ለሁለት ሆነ። ሚስቱ "ምን አድርጎህ ነው!" አለችው። እሱ የተሰበረበትን ቦታ ትክ ብሎ አየና ሳቁን ዋጠ።

ይህኔ ነው አትክልት ሻጯ የጠየቀችው። "ቢያርፍስ? አንድ ሌሊት ማንም ሳይነካው ቢያድር ጧት አይሻለውም?"

 ስልኩን ወደኋላ ወደፊት ስንል መልሱን ከአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጭራ ላይ አገኘነው። ትንፋሽ ልትወስጂ ስትይ በችኮላ የጣልሻት ናት፤ "ብረት በዕረፍት አያገግምም" ትላለች። ለካስ ብረት ውስጥ የጀመረ ስንጥቅ ቢያድርም ቢከርምም ያለበት ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይገጥምም። ያንቺ ሥራ ደግሞ ስንጥቁ ለዓይን ከመታየቱ በፊት የሚያሰማውን ድምፅ በመሣሪያ ማዳመጥ ነው። ድልድዩ ሳይወድቅ፣ የባቡሩ ጎማ ሳይሰነጠቅ ቀድሞ መስማት። ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እንደምትሠሪ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ያውም ከድስት ውስጥ።

አትክልት ሻጯ ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። ባሏን ታውቂዋለሽ፣ ዘበኛውን። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ደከመኝ ይላታል፣ እሷም ተኛ ትለዋለች፤ ተኝቶ ሲነሳ ያው ነው። "አርፈውት የማይለቅ ድካምም አለ ለካ" አለችና ሻርፗን ሰበሰበች። መምህርቷ ነገሩ ገብቷቸው "የልጅቷ ትምህርት ስለ ብረት ነው፤ ከሰው ጋር እንዳታምታቺው" ቢሏት "ያገባሁት ብረት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ መምህርት። ግን ሐኪም ቢያየው ምን እጎዳለሁ?" ብላ ወረደች። ትናንት ማክሰኞ ይዛው ሄደች። ሐኪሞቹ ደሙን መርምረው አስተኝተውታል፤ ምን እንደሆነ ገና አልነገሯትም። በጸሎትሽ አስቢው።

እንግዶቹ ከወረዱ በኋላ እናትሽን አሰብኩ። እዚህ ላይ እንደምደርስ ሳትጠብቂ አልቀረሽም። ደረጃው መሀል ቆማ፣ ግድግዳውን በመዳፏ ይዛ "ትንሽ ደከመኝ" ስትል፣ እኛም ሐኪሙም "ዕረፊ" ነበር ያልናት። የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የምናውቀው እሱን ብቻ ነበር። አንቺ ይህን ትምህርት የመረጥሽው ለዚህ ይሁን ለሌላ አልጠይቅሽም። ለዚህም ከሆነ ያንቺና የእሷ ነው።

አዘጋጁ እናትሽን መድረክ ላይ አውጫት ማለቱን ስትነግሪኝ ተቆጥቼ ነበር። ቁጣዬ ከየት እንደመጣ ሰኞ ማለዳ ለጸሎት ስቆም መረመርኩት። ግማሹ ኩራት ነው፤ የቤታችንን ችግር ባዕድ ሰው እንዲሰማው አልፈልግም። እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። ግማሹ ግን ትክክል ሆኖ አገኘሁት፤ እናትሽ ሰውን ወደ አዳራሽ ማስገቢያ ትኬት አይደለችም። ደግሞም አያስፈልግሽም። እሁድ ያየሁትን እመሰክርልሻለሁ። አንቺ ስለ ብረት ብቻ ተናገርሽ፤ አትክልት ሻጯ ባሏን አሰበች፣ እኔ ሚስቴን አሰብኩ፣ መምህርቷ ማንን እንዳሰቡ እንጃ፣ ዓይናቸውን በመነጽር መጥረጊያው ሲጠርጉ አይቻለሁ። ብረቱን በደንብ ካስረዳሽ ሰው የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን በገዛ ፈቃድሽ ስለ እናትሽ መናገር ካማረሽ ተናገሪ፤ ምርቃቴ ካንቺ ጋር ነው። ተለምነሽ ግን አይሁን።

ደግሞ ሌላም ነገር ራሴን ጠየቅሁ። ልጄ ትናገር የምለው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ "የዶክተር አባት" ተብዬ ደረጃውን ቀና ብዬ ልወርድ? ሁለተኛውም አለበት፣ አልክድሽም። ግን ሰፈሩ ሁሉ ስቆብኝ፣ አሁን "የብረት አባት" እያለ እየጠራኝ፣ አሁንም ትናገር እያልኩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳይበልጥ አይቀርም።

አክስትሽ በዚህ አትስማማም። "ልጅቷ ጭምት ናት፤ ዝም አይነቅዝም፤ ለምን ታስጨንቃታለህ?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ወዶ ዝም ማለት ሌላ፣ ሰው ሲያዛጋ አይቶ ዝም ማለት ሌላ ነው እላታለሁ። የመጀመሪያው ጠባይሽ ነው፣ እወደዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ማንም እንዲያስለምድሽ አልፈልግም።

ቋንቋው አፌ ላይ ይሰበራል ላልሽው ደግሞ ይኸውልሽ። እኛ በእናት ቋንቋሽ፣ በገዛ ድምፅሽ ሰምተንሽ አልገባንም ነበር። እኔማ ጭራሽ የሰው ሐኪም አድርጌሽ አረፍኩ! ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሰው አገር ቋንቋ ላይ አትጫኚው። ጥፋቱ ዋናዋን ነገር ጭራ ላይ ማሰርሽ ነው። "አርፎ አይድንም" የምትለዋን ከጭራ ፈትተሽ ወደ ራስ አምጫት። ዑደትን መልሰሽ ለፕሮፌሰሮቹ ስጫት። ቋንቋው ቢሰበርብሽም ትንሽ ቃል ሲሰበር ሰው አንስቶ ይገጥመዋል፤ ትልቅ ቃል ሲሰበር ነው የሚያዛጋው።

በያጁ ያን ዕለት ከወረደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የሚያፍር ሰው እንደሚናገረው ወደ መሬት እያየ "አባባ፣ ድምፅ አለው ካለች ለምን አላሰማችንም? ይጮኻል? ያቃስታል?" አለኝ። እጠይቅልሃለሁ አልኩት። ያ ሰው፣ የሁሉ ነገር ቀልደኛ፣ ደረጃ ወጥቶ ጥያቄ ጠየቀ! አንቺ ነሽ ያስጠየቅሽው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ስትቆሚ አንዲት ቃል ከመናገርሽ በፊት በመሣሪያሽ የቀዳሽውን ድምፅ አሰሚያቸው። ምን እንደሆነ አትንገሪያቸው። ይጠይቁ። የሰው ፊት እሳት ነው፣ አውቃለሁ፤ ብረቱ ቀድሞ ሲናገርልሽ አንቺ ትንፋሽሽን ትሰበስቢያለሽ።

እንግዲህ የፊታችን ሰኞ ወደ አዘጋጁ ሄደሽ ስሜ አይወጣም ትዪዋለሽ። ስለ ብረት ነው የምናገረው ትዪዋለሽ። በትሕትና፣ ግን ዓይኑን እያየሽ። እምቢ ካለ እሱ ያስወጣሽ፤ አንቺ ራስሽን አታስወጪ። ይህን እንደ አባት አዝሻለሁ። ለማዘዝ ርቀሽብኛል ካልሽ ደግሞ እለምንሻለሁ።

አክስትሽ፣ ብንከራከርም፣ ዓይንሽን ትስማለች፤ የምታዝዢው ዕቃ ካለ ነርሷ ስትመለስ ንገሪያት ትላለች። ወንድምሽ "ብረት ይደክመኛል ካለ ዳቦ ቤት ገብቶ ይሞክረው" በላት ብሎኛል፤ ናፍቆቱን በቀልድ እንደሚጠቀልል ታውቂያለሽ። ባለቤቱ እጅ ትነሳሻለች፤ ትንሿ ልጃቸው ጥርሷ ወልቆ በክፍተቱ እያፏጨች ስምሽን ትጠራለች። መምህርቷ "ጎበዝ ተማሪ መጀመሪያ ጠያቂ፣ ቀጥሎ መላሽ ነው" በልልኝ ብለዋል። በያጁና ሚስቱ፣ አሁን ሳይጣሉ፣ ሰላም ብለውሻል። አትክልት ሻጯ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ደውላ ነበር፤ ለእሱም ለእሷም ደህና ቀን እንድትመኚላቸው ነው።

እኔ አባትሽ ማለዳ ማለዳ ስምሽን በፈጣሪ ፊት አነሳለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስምሽን አጣመው ይጠሩት ይሆናል። ቢጣመምም ያንቺ ነው። ሲጠራ ተነሺ።

አባትሽ

ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፫ ቀን